ያልረገጡት ዘጠኙ

የአይጦቹ ክፍል ሽታ ልብስ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይከርማል። ሽንት፣ የራሰ ሰጋቱራ፣ የዛገ ብረት፣ ከዚያ ደግሞ ይሄ ሁሉ እንዳይሸት ተብሎ የሚረጨው ሎሚ ሎሚ የሚል ፈሳሽ። ሽንቱ ለብቻው ቢሆን ይሻል ነበር። ብረቷ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታበት አልለመደችውም። «ለመድኩት የሚል ሰው ወይ ይዋሻል ወይ አፍንጫ የለውም» ትላለች።

ብረቷ ቅጽል ስሟ ነው። ሥራዋ የአይጥ ቀዶ ጥገና ነው፤ ይህን ሲሰማ የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ። ከክር ብዙም የማይወፍር ቱቦ አይጡ አንገት ውስጥ ካለው ደም ሥር ታስገባለች፣ በቆዳው ሥር አሳልፋ በትከሻዎቹ መሐል ታወጣዋለች፣ ትሰፋለች። አይጡ ሲያገግም ሳጥን ውስጥ ይገባል። እዚያ አንዲት ትንሽ የብረት መርገጫ አለች። ሲረግጣት በቱቦው በኩል ጠብታ ሞርፊን ደሙ ውስጥ ትገባለታለች። ሞርፊን ምን እንደሆነ ለአይጥ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በሦስተኛው ቀን ከሐኪም በላይ ያውቀዋል።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ፈተናው ይመጣል። መርገጫዋ ከጠብታው ጋር እግር የሚነዝር ኤሌክትሪክም መስጠት ትጀምራለች። ያን ጊዜ አይጦቹ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዱ አንዴ ሁለቴ ይነዘርና ይቅርብኝ ብሎ ጥጉን ይይዛል። ሌላው ጸጉሩ ቆሞ፣ እየጮኸ፣ እየሸናም ቢሆን ይረግጣል። የመጀመሪያዎቹ መዝገቡ ላይ «ጽኑ» ተብለው ይጻፋሉ፣ ሁለተኞቹ «ተጋላጭ»። በዚህ ዙር ከሃያ አራቱ ዘጠኙ ጽኑ ሆነው ወጡ። ብረቷ ዘጠኙን ትወድ ነበር። ውሃቸውን ራሷ ትቀይራለች፣ ከጆሯቸው ሥር ታክላቸዋለች። ተጋላጮቹን በጓንት ጫፍ ነው የምትይዛቸው። ሰው ለአይጥ ያዳላል ወይ ብትሏት ትክዳለች፤ ግን ታዳላለች።

የምታዳላበት ምክንያት አላት። በሃያ አራት ዓመቷ ከደረጃ ወድቃ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ሆስፒታሉ ከሞርፊን ዘር የሆነ የሕመም ማስታገሻ አንድ ብልቃጥ ሰጥቶ ወደ ቤት ላካት። ዘጠኝ ቀን ወሰደች። በአሥረኛው ቀን እናቷንና ወንድሟን ጠርታ፣ በክራንች ቆማ፣ የተረፈውን ክኒን ፊታቸው ሽንት ቤት ውስጥ ደፋችው። «ለእኔማ ምንም አላደረገኝም» አለች። «ሰው ካልፈለገ አይወስድም፣ አለቀ።» ወንድሟ ያን ቀን ብረቷ አላት፤ ስሙም እስከ ሥራ ቦታዋ ተከትሏት መጣ።

ወንድሟ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ እናቱ አሁንም ማሙሽ ትለዋለች። ቤት ቀቢ ነበር። የሷ እግር ከተሰበረ ከሦስት ዓመት በኋላ ከመሰላል ወድቆ ወገቡን ተጎዳና ለእሱም ያው ዓይነት ክኒን ተሰጠው። እሱ ግን አልደፋውም። ክኒኑ አልቆ ሌላ ፈለገ፣ ሌላው ሲጠፋ የባሰውን ፈለገ። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷ አልጋ ላይ እያየችው የስፌት መኪናዋን ተሸክሞ ወጣ። ብረቷ ቤት መጥቶ ስልኳን ሰረቀና የቻርጀሩ ሽቦ ከኪሱ እየተንጠለጠለ «እኔ አልወሰድኩም፣ እናቴ ትሙት» አላት። እናትየው አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። አፍንጫው እንደ ሕፃን ይዝረበረባል፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ነገር ምን እንደሆነ ባያውቁት ይሻላል፣ ሲያዛጋ የሚወጣው ትንፋሽ ከአይጦቹ ክፍል ይብሳል። ብረቷ ትጸየፈዋለች። እሱን ካቀፈች አራት ዓመት አልፏታል።

አሁን ደግሞ አንድ ወረቀት መጥቷል። የሱስ ሕክምና ጣቢያው ለማሙሽ ቦታ ሰጥቶታል። እዚያ ሰውን በአንድ ጊዜ አያስቆሙም፤ በየማለዳው የተለካ መድኃኒት እያጠጡ ያረጋጉታል። ግን ዋስ ያስፈልጋል። ዋሱ ዘጠና ቀን ሙሉ ማለዳ ማለዳ በሽተኛውን ይዞ ይመጣል፣ ሲውጥ ያያል፣ ደብቆ እንዳይሸጠው ከምላሱ ሥር ይፈትሻል። የእናትየው ጉልበት ደረጃ አይወርድም። ያለችው ብረቷ ናት። እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ካልተፈረመ ቦታው ለቀጣዩ ይሰጣል፣ ተራው ተመልሶ እስኪደርስ ስምንት ወር ነው። ማሙሽ ደግሞ ባለፉት ሁለት ወራት ብቻ ሁለቴ ከንፈሩ ጠቁሮ ወለል ላይ ተገኝቷል። ስምንት ወር እንደማይቆይ እናትየው ታውቃለች፣ ብረቷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል።

ብረቷ ግን እንቢ ብላለች። «እኔ ያለ ዋስ ነው የተውኩት። እሱም ይተው።»

ረቡዕ ዕለት ክፍሉ ሽር ጉድ ላይ ነበር፤ ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ። ከሩቅ የሚመጡ ሳይንቲስቶች ናቸው፤ የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰሩ ያነሳውን የአንጎል ምስል ሊያዩ። ከግንባር ጀርባ ካለው የአንጎል ክፍል ተነስቶ ወደ ውስጥ፣ ደስታና ሽልማት ወደሚመዘኑበት ቦታ የሚወርድ የነርቭ መንገድ አለ። ፕሮፌሰሩ ፍሬን ይለዋል። አይጦቹ በሕይወት እያሉ በተነሳው ምስል ላይ የዘጠኙ ፍሬን ወፍራምና ደማቅ ነው፤ የተጋላጮቹ እንደ አሮጌ ክር ሳስቷል። «ጽናት ሲወለዱ ይዘውት የሚመጡት ነው» ይላል ፕሮፌሰሩ፣ ብረቷም ከኋላ ቆማ ራሷን ትነቀንቃለች። የራሷን አንጎል የሚያሳዩላት ይመስላት ነበር።

ያን ቀን ሊበላሽ ሁለት ሳምንት የቀረው ማደንዘዣ ሁለት ጠርሙስ መጣ። ይህ ማደንዘዣ ቱቦ መፈተሻ ነው። በቱቦው ትንሽ ሲገፋ፣ ቱቦው ደም ሥር ውስጥ ካለ አይጡ በሦስት ሴኮንድ ጸጥ ብሎ ይወድቃል፤ ከሌለ አይወድቅም። ከቀዶ ጥገናው ማግስት ሁሉም ይፈተሻሉ። ዙሩ ሲያልቅ ግን የሚፈተሹት ተጋላጮቹ ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ ስለሚወደድና ቶሎ ስለማይገኝ ይህን ደንብ ያወጣችው ራሷ ብረቷ ናት። «የረገጡት ስንት እንደወሰዱ ስለምንጽፍ ማረጋገጥ አለብን» ብላ ነበር በስብሰባ ላይ፤ «ያልጠጣን ሰው ግን ብርጭቆው ተሰብሮ ይሆን ወይ ብሎ የሚመረምር አለ?» ሁሉም ሳቁ፣ ሳቁም ደንብ ሆነ።

ከሚደፋ ብላ ጠርሙሱን ይዛ ወደ ዘጠኙ ሄደች። ነገ ለእንግዶች ሲታዩ ሁሉም ነገር የተረጋገጠ ይሁን ብላ ነው እንጂ ጠርጥራ አልነበረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ይሄኔ ነው።

የመጀመሪያው እጇ ላይ እንደ እርጥብ ፎጣ ተዘረጋ። ሁለተኛው አልወደቀም። ሦስት ቆጠረች፣ አሥር ቆጠረች፣ ሠላሳ። አይጡ ተቀምጦ ጢሙን አጠበ፣ አያት። ሌላ መርፌ ሞላችና ደገመች፤ አሁንም ጢሙን አጠበ። ሦስተኛው አልወደቀም። አራተኛው ወደቀ። አምስተኛው፣ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው… ዘጠኙ ሲያልቁ የወደቁት ሦስት ነበሩ። ስድስቱ ቁጭ ብለው ይመለከቷታል።

ከስድስቱ አንዱን በጋዝ ገደለችና አንገቱን ከፈተች። ቱቦው ከደም ሥሩ ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ተኝቷል። ዙሪያውን ቢጫ መግል አቁሯል፤ ወፍራም፣ እንደ አሮጌ ሙጫ የሚሳብ፣ ሽታው ሎሚውንም ሽንቱንም የሚያስንቅ። በየማለዳው ቱቦው እንዳይዘጋ የጨው ውሃ ትገፋበት ነበር፤ ውሃው ያለ ችግር ይገባ ስለነበር እጇ ምንም አልነገራትም። ለካ የሚገባው ቆዳው ሥር ነው። መግሉ የቆየ ነው፤ ቱቦው ገና ሞርፊኑ ሳይጀመር ወጥቶ ኖሯል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሽታ እንጂ መግል አስመልሷት አያውቅም፤ ያን ቀን ወደ ማጠቢያው ሮጠች።

ለካ ስድስቱ ይቅርብኝ አላሉም። የሚቀርባቸው ነገር አልነበረም። ምንም ለማይሰጥ መርገጫ ማን እግሩን ያስነዝራል? በእንክብካቤ ጆሯቸውን ስታክላቸው የከረመችው መድኃኒቱ ሳይነካቸው ነው። ያ ወፍራም የሚባለው ፍሬንም ወፍራም የሆነው መኪናው ተነድቶ ስለማያውቅ ነው።

ፕሮፌሰሩ ቢሮው ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ ነበር። እንቁላል በነካው ጣቱ ወንበር አመልክቶ አስቀመጣት። የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

«ሦስቱስ ወድቀዋል አይደል?» አላት።

«ወድቀዋል።»

«እና ቱቧቸው ደህና ሆኖ፣ መድኃኒቱ ደርሷቸው፣ በቃኝ ብለዋል። ስለዚህ ጽኑ የሚባል ነገር አለ ማለት ነው።»

«አለ። ግን ሦስት ነው ያለው። እርስዎ ነገ ዘጠኝ ሊሉ ነው። ደግሞ ያ ምስል የማን እንደሆነ አሁን በምን እናውቃለን?»

እንቁላሉን በአንዴ ጎረሰው። አፉ ሞልቶ ነው የመለሰላት፤ አስኳሉ በጥርሶቹ መሐል እየታየ። «ነገ እንግዶች ናቸው። ከእንግዶቹ በኋላ እናየዋለን። ይልቅ ‘ያልጠጣን ሰው ብርጭቆ’ ያለው ማን ነበር?» ብሎ ጠቀሳት።

አንገሸገሻት። ሰውዬውም እንቁላሉም ጥቅሻውም። ከሁሉ በላይ ያንገሸገሻት ግን እውነቱን መሆኑ ነው፤ ብርጭቆውን የሰበረች እሷ ናት። ተመልሳ መዝገቡን ገለጠች፣ በስድስቱ ቁጥሮች ትይዩ በቀይ «ቱቦ ወጥቷል፤ መድኃኒት አልደረሰውም» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ማግስቱን እንግዶቹ መጡ፤ ፕሮፌሰሩ ዘጠኝ አለ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ከእንግዶቹ አንዷ መነጽሯን አድርጋ ገጹ ላይ ስታጎነብስና የፕሮፌሰሩ ድምፅ ሲሰናከል ብረቷ ጋዋኗን ሰቅላ ወጣች።

በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። የሄደችው ለመጨረሻ ጊዜ እንቢ ልትል ነው። ነገ ዓርብ ነው፤ እናትየው በስልክ እያለቀሰች ሦስት ቀን አድክማታለች፣ ፊት ለፊት ተናግራ መገላገል ፈልጋለች።

በሩን እንደከፈተች ሽታው ተቀበላት። ማሙሽ ሽንት ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ በሩ አይዘጋም። ከትናንት ጀምሮ ምንም አላገኘም። ቆዳው እንደተነጨ ዶሮ ቆሟል፣ ዓይኑም አፍንጫውም ይፈሳል፣ ሱሪው ርሷል፣ በላብ ብቻም አይደለም። በአንድ እጁ የሽንት ቤቱን ጠርዝ ይዞ ያዛጋል፤ መንጋጋው የሚገነጠል እስኪመስል።

«እትዬ» አላት። «መጣሽ?»

«መጣሁ። ተነስና ታጠብ፤ እናትህ እዚህ ትጠቀማለች።»

«እነሳለሁ። ትንሽ ቆይቼ።» ተፋ። «ታውቂያለሽ እትዬ፣ አሁን እኮ ደስ ስለሚለኝ አይደለም። ደስ ካለኝ ስንት ዓመቴ። እንዳልታመም ነው። ይሄ እንዳይመጣ ነው።»

ታውቃለች። ይህንንም ፕሮፌሰሩ በሥዕል ያስረዳዋል፤ መድኃኒቱ ሲጎድል ከደስታው ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ ፍርሃትና ጭንቀት የሚቀመጡበት የአንጎል ክፍል መጮህ ይጀምራል፣ አይጡም ቀስ በቀስ የሚረግጠው ደስታ ፍለጋ ሳይሆን ጩኸቱን ለማስቆም ነው። ሥዕሉ ንጹሕ ነው፤ አይሸትም። ብረቷ አፍንጫዋን በክንዷ ሸፍና አልፋው ሄደች።

እናትየው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ቀሚስ በእጇ ትሰፋለች፤ መኪናው ከተሸጠ ወዲህ በእጇ ነው። ቀና አለች። «ልትፈርሚ ነው?»

«እማዬ፣ ተይኝ። ዛሬ ራሴም አስጠልቶኛል።»

«ማን አስቀየመሽ?»

ብረቷ ለማውራት አልመጣችም ነበር። ግን ከረቡዕ ጀምሮ ያመቀችው ነገር ነበርና ወጣ። ስለ ዘጠኙ ነገረቻት፣ ስለ ማደንዘዣው፣ ስለ መግሉ። እናትየው ከቀሚሱ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ሰማች። ልጇ የምትሠራውን ሥራ ወዳው አታውቅም፤ አይጥ ለእሷ በመጥረጊያ የሚባረር ነገር ነው።

«ጽኑ ናቸው ብለን ይህን ሁሉ ጊዜ ስንኩራራ» አለች ብረቷ በምሬት እየሳቀች፣ «ለካ መድኃኒቱ ጭራሽ አልደረሳቸውም።»

«እንዳንቺ ማለት ነዋ» አለች እናትየው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እናትየው ግን አወቀች፤ መርፌው ጨርቁ ላይ ቆመ።

«እንዴት እንደኔ?»

«ምንም። ወሬ ነው።»

«እማዬ።»

እናትየው ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ መበጠስ የሌለበት ቦታ ላይ። ወደ ሽንት ቤቱ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንግዲህ ምን ልበልሽ? ያን ጊዜ እግርሽ ተሰብሮ ስትመጪ፣ የፎቁ ጎረቤታችን ባል በዚያ ክኒን ከሞተ ወር አልሞላውም ነበር። ሰውየው የሞተው ሽንቱን ለብሶ ነው፤ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ገና አንዱንም ሳትውጪ፣ እንደተኛሽ ብልቃጡን ገለበጥኩት። ነጭ ነበር፣ ክብ። ከሱቅ የራስ ምታት ክኒን ገዛሁና በቦታው ሞላሁት። እሱም ነጭ ነው፣ እሱም ክብ ነው። አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ።»

ብረቷ ድሮ የተሰበረ እግሯን ቁልቁል አየች።

«ሕመሙን ግን ቻልሽው፤ ይሄ ውሸት የለበትም» አለች እናትየው ፈጠን ብላ። «ትራሱን ነክሰሽ ስታድሪ እሰማ ነበር። ልነግርሽ ስል ደግሞ ሽንት ቤት ውስጥ ደፋሽውና ያን ሁሉ ተናገርሽ። እንዲያ ኮርተሽ እያየሁሽ በምን አፌ?»

አንድ ብልቃጥ የራስ ምታት ክኒን። በክራንች ቆማ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ የራስ ምታት ክኒን ነው የደፋችው። ሰባት ዓመት ማሙሽን እንደ ትፋት ያየችው በዚያ ነው። በየሠርጉና በየለቅሶው የተናገረችው፣ በሥራ ቦታ ስም የወጣላት፣ ተጋላጮቹን ነክታ ጓንቷን የምታወልቅበት ፊት፣ ሁሉም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እሷ ናት። ተጸየፈች፤ በዚህ ጊዜ ማንን እንደሆነ ማጣራት አላስፈለጋትም።

ከዚያ ሌላው ጥያቄ መጣባት፤ የሥራዋ ጠባይ ነው፣ ቱቦ ባዶ ከሆነ ፈሳሹ የት ሄደ ብላ ትጠይቃለች። «እውነተኛዎቹንስ ምን አደረግሻቸው?»

እናትየው ቀሚሱን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከሽንት ቤቱ ማሙሽ ሲያስመልስ ይሰማል።

«ለክፉ ቀን ብዬ አስቀመጥኳቸው» አለች በመጨረሻ። «መድኃኒት ይደፋል እንዴ? እሱ ሲወድቅ ሆስፒታሉ የአሥር ቀን ብቻ ሰጠው። አሥሩ ቀን አለቀ፣ ሕመሙ አላለቀም። ሌሊት ሲያቃስት… ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያቃስት እኔ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ሰጠሁት፤ ተኛ። በማግሥቱም አንድ። ሁሉንም እስኪጨርስ ሰጠሁት። ሲያልቅ ነው ያ ሁሉ የመጣው።»

«ያውቃል?»

«አያውቅም። ሆስፒታሉ የጨመረለት ይመስለዋል። አንቺ ደግሞ እንዳትነግሪው፤ እናቴ ገደለችኝ ይላል።»

ብረቷ እናቷን አየች። ከአንዷ ልጅ የሸሸገችውን መርዝ በእጇ ለሌላው ያጎረሰች ሴት። ልትጮህባት ፈለገች። እናትየው ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይቀል ነበር። ብረቷ ተነስታ ሄደች፣ ስለ ፊርማውም አንድ ቃል አላለች። በሩ ላይ ስትደርስ ማሙሽ ከሽንት ቤቱ «ቻው እትዬ» ሲላት አልመለሰችለትም።

ያደረችውን አደረች። ዓርብ ማለዳ ተመልሳ መጥታ «ታጠብና ውጣ» አለችው። ራሱ መታጠብ ስላልቻለ ውሃውን እሷ አፈሰሰችለት። ጓንት አላመጣችም። ጀርባው ላይ ያሉትን ቁስሎች ስታጥብ ሁለቴ ፊቷን አዞረች፣ ሁለቴ መለሰች። ደስ አላላትም፣ ርኅራኄም አልፈሰሰባትም። ማሙሽ በድንጋጤ ዝም ብሎ ይታጠባል፤ አንድ ነገር ከተናገረ ሐሳቧን የምትለውጥ መስሎታል።

የሕክምና ጣቢያው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ በወለሉ ላይ በብሎን ታስረዋል። የምትመዘግበው ነርስ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ጠዋት ሙሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ስትጠይቅ ድምጿ የሻከረባት ሴት ናት። ማሙሽን አጠገቧ አስቀምጣ ብረቷን ጠየቀች።

«ዝምድናዎ?»

«እኅቱ ነኝ። ታላቁ።»

«ዘጠና ቀን ሳያቋርጡ ይመጣሉ? አንድ ቀን ቢቀሩ ቦታውን እንዘጋለን።»

«እመጣለሁ።»

«ዋሱ ራሱ ከዚህ ዘር የሆነ መድኃኒት ወስዶ ያውቃል?»

ይህን ጥያቄ ብረቷ ዕድሜዋን ሙሉ ማንም ሳይጠይቃት ስትመልሰው ኖራለች። ማሙሽም መልሱን ስለሚያውቅ ፈገግ ብሎ በእሷ ፈንታ መለሰ። «ወስዳለች። ደግሞ በራሷ ነው የተወችው። ሽንት ቤት ውስጥ ስትደፋው ዓይኔ አይቷል፤ ብረት ናት።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስጠጋች።

«አልወሰድኩም» አለች ብረቷ።

«እንዴት አልወሰድሽም?» ማሙሽ ሳቀ። «እኔ እኮ ቆሜ ነበር።»

«የደፋሁት የራስ ምታት ክኒን ነው። ሌላውን አልቀመስኩትም። አልወሰድኩም ብለሽ ጻፊ፣ እህት።»

ነርሷ ጻፈች፤ ለእሷ አንድ መስመር ነው። ማሙሽ ግን መሳቁን አቆመ። ሱስ ሰውን ሌባ ያደርጋል እንጂ ቂል አያደርግም፤ ይልቁንም የጠፋ ክኒን ሲፈልግ ከሱሰኛ የሚበልጥ ቆጣሪ የለም።

«እና» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያንቺ ክኒኖች የት ገቡ?»

ብረቷ መፈረሚያው ላይ አቀርቅራ ፈረመች። እናቷን አስባ ነበር፤ ቃል ግን አልገባችላትም። ቀና ስትል ማሙሽ እያያት አልነበረም። የግድግዳውን ቀለም ነበር የሚያየው፣ እንደ ድሮ ቀቢ፣ ከጥግ እስከ ጥግ።

«ማታ ማታ እማዬ ነበረች የምትሰጠኝ» አለ። «ሆስፒታሉ የጨመረልኝ መስሎኝ ከየት እንደምታመጣው አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።»

ብረቷ «አዎ» አለች።

ነርሷ በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ የተለካውን መድኃኒት፣ ቀይ ፈሳሽ፣ ቀድታ አመጣች። ማሙሽ ኩባያውን ተቀበለና ሲጠጣ ከንፈሩ ዳር አንድ ጠብታ ፈሰሰ፣ በጣቱ ጠርጎ ላሰው። ነርሷ ወደ ብረቷ ዞረች። «አሁን የእርስዎ ሥራ ነው። አስከፍተው ይዩ።»

«አፍህን ክፈት» አለችው።

ከፈተ። ከኋላ ጥርሶቹ ግማሾቹ የሉም፣ ያሉትም ጠቁረዋል፣ ድዱ አብጦ ይደማል፣ ትንፋሹም ያው ነው። ብረቷ አፍንጫዋን አልያዘችም።

«ምላስህን አንሳ።»

አነሳው፣ እሷም ጎንበስ ብላ አየች።